ለደበዘዘ የፊት መብራት ሪሌ ያዋጣል? ገመዱስ እንዴት ይዘረጋል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ 30 ዓመት አልፏታል። የፊት መብራቷ ቢጫ መሳይና ደካማ ነው። አምፖሎቹ ባለ 60/55 ዋት ኤች 4 ናቸው፤ በአዲስ ብቀይራቸውም ለውጥ አላየሁም። አንዱ ባለ 100 ዋት አምፖል አስገባ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ሪሌ ይግባለት አለ። የቱ ይሻላል? ሪሌ ከሆነ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? የገመዱና የፊውዙስ መጠን ምን ያህል ይሁን?»

ሪሌው (በትንሽ ጅረት ታዝዞ ትልቁን ጅረት የሚያበራ ማብሪያ) ይግባ፤ ባለ 100 ዋቱ ይቅር። ገመድ ልጦ በትክክል ማያያዝ የሚችልና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) መጠቀም የሚያውቅ ሰው ሥራውን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ይሁንና ገመድ ከመግዛትዎ በፊት እንዲለኩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ብዙ ሰው ሪሌ የሚያስገባው ሌላው ሲያስገባ ስላየ ነው፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ የገመድ ሳይሆን የደበዘዘ አንጸባራቂ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አምፖል ለውጥ አለማምጣቱ ጥፋቱ ከአምፖሉ ውጭ መሆኑን ይጠቁማል፤ የት እንዳለ ግን የሚነግርዎት መለኪያው ብቻ ነው።

የሃሎጂን አምፖል ቮልት ሲጎድልበት ወዲያው ይዳከማል። ብርሃኑ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በግምት የቮልቱን 3.4ኛ ኃይል ተከትሎ ነው የሚለዋወጠው። ወደ ተግባር ስንመልሰው፣ ከሚገባው ቮልት 5 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 10 በመቶ ሲጎድል 30 በመቶ ያህሉ ይሄዳል፤ 15 በመቶ ከጎደለ የሚቀረው ከ60 በመቶ በታች ነው። ረጅሙንም አጭሩንም በአንድ አምፖል የሚያበራው የኤች 4 ብርሃን የሚለካው በ13.2 ቮልት ሲሆን፣ በዚያ ቮልት ረጅሙ መብራት 1650 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ አጭሩ 1000 ሉመን ያህል ይሰጣል። አምፖልዎ ዘንድ የሚደርሰው 11.2 ቮልት ብቻ ከሆነ አጭሩ መብራት የሚያወጣው 570 ሉመን አካባቢ ነው። ቢጫ መምሰሉም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ፊላመንቱ፣ ማለትም አምፖሉ ውስጥ ግሎ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ፣ የሚገባውን ያህል ስለማይግል ነጭ ብርሃን ማውጣት አይችልም።

ቮልቱ የት ይቀራል? በብዙ የቆዩ መኪኖች የመብራቱ ሙሉ ጅረት ከባትሪው ተነስቶ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ በፊውዝ ሳጥኑ፣ በዋናው ማብሪያና ረጅምና አጭሩን በሚለዋውጠው ማብሪያ በኩል ዞሮ እንደገና ወደ ኮፈኑ ስር ይወጣል። ሁለቱ አጭር መብራቶች በአንድነት 10 አምፔር ያህል ይስባሉ። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ገመድ በእያንዳንዱ ሜትር 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ 4 ሜትር ሲሆን 0.07 ኦም ይሆናል። በ10 አምፔር ሲባዛ 0.7 ቮልት ነው፤ ያውም ገመዱ አዲስ ሆኖ። በዚያ ላይ በዕድሜ የጠቆረ ማገናኛ 0.02 ኦም ቢጨምር 0.2 ቮልት ይበላል፤ እንዲህ ያሉ አምስት ማገናኛዎች ቢኖሩ አንድ ሙሉ ቮልት ሄደ ማለት ነው። ጅረቱ በዛገ ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ሲመለስም የራሱን ድርሻ ያጣል። ይህ ሁሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ማብሪያውንና ማገናኛዎቹን ቀስ በቀስ ያቃጥላል። መሪው ሥር ያለው ማብሪያ መብራት ሲበራ የሚግልብዎ ከሆነ፣ ለብርሃኑ ብቻ ሳይሆን እሳትን ለመከላከልም ቶሎ ይሥሩት።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሞተሩን ያስነሱ፣ አጭሩን መብራት ያብሩ፣ መልቲሜትሩን ቀጥታ ቮልት ላይ ያድርጉ። አምፖሉ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ መሆን አለበት፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ከተለካ ጅረት ስለማይፈስ መለኪያው ሙሉ ቮልት አሳይቶ ያሳስትዎታል። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ያሳርፉ፤ ጥቁሩን ከሶኬቱ ጀርባ አስገብተው የአጭሩን መብራት ፖዘቲቭ ብረት ያስነኩት። የሚያነቡት ቁጥር በመሄጃው መንገድ የቀረው ቮልት ነው። ቀጥለው ቀዩን በአምፖሉ ኔጌቲቭ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ፤ ይህ ደግሞ በመመለሻው የቀረው ነው። ለረጅሙ መብራት ይድገሙት፤ ግራውንም ቀኙንም ይለኩ። በመጨረሻ በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል ያለውን ይለኩ። ሞተር እየሠራና መብራት እየበራ 13.5 ቮልት እንኳ የማይደርስ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ዲናሞው፣ ቀበቶውና የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፤ ባትሪው ላይ የሌለውን ቮልት ሪሌ አያመጣውም።

የመሄጃውና የመመለሻው ድምር ከ0.5 ቮልት በታች ከሆነ ሪሌ የሚታይ ለውጥ አያመጣልዎትም። ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ያዋጣል። ለምሳሌ ባትሪው ላይ 14 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ 12 ቮልት አገኙ እንበል። በአዲሱ መስመር የሚቀረውን ወደ 0.3 ቮልት ቢያወርዱት አምፖሉ 13.7 ያገኛል፤ ብርሃኑም አሁን ካለው በግማሽ ያህል፣ ከዚያም በጥቂት በላይ ይጨምራል፤ አምፖሉ ያው አምፖል ሆኖ። አብዛኛው ጉድለት ከመመለሻው በኩል ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ የኔጌቲቩ ማያያዣ ዝጓል፣ ያኔ ፍቆ በማጥበቅ ብቻ ሊድን ይችላል፤ ወይ ደግሞ መኪናዎ መብራቱን በኔጌቲቭ በኩል ነው የሚያበራው። ወደዚህኛው እመለስበታለሁ።

እግረ መንገድዎን የመብራቱን ውስጥ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። አንጸባራቂው ከጠቆረ፣ ከተላጠ ወይም አመድማ ከሆነ፣ የፊቱ መስታወት በአሸዋ ከተፋቀ ወይም ፕላስቲኩ ከቢጨ፣ ምንም ያህል ቮልት ቢጨመርለት ብርሃኑ እዚያው ይቀራል።

ስለ ባለ 100 ዋቱ አምፖል ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ይህ ምክር መኪና ያቃጥላል። ገመዱ ሳይቀየር ባለ 100/90 ዋት ሲገባ ጅረቱ ይጨምራል፤ ጅረቱ ሲጨምር በመንገድ የሚቀረው ቮልትም አብሮ ይጨምራል። ገመዱና ማብሪያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከተጨመረው ዋት ጥሩ ድርሻው መንገዱን ሳይሆን ማብሪያውን ያሞቃል። ገመዱ ቢቀየር እንኳ ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ይልጣል፤ ከፊት ለሚመጣው ሾፌርም መከራ ነው። ኤች 4 በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 37 የተፈቀደው በ60/55 ዋት ነው፤ ባለ 100 ዋቱ ለመንገድ የተፈቀደ አይደለም።

ሪሌ በትንሽ ጅረት የሚታዘዝ ማብሪያ ነው። በውስጡ ያለው ጥምጥም ሽቦ 0.15 እስከ 0.2 አምፔር ያህል ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ወፍራሙን መገናኛ ይዘጋል። የድሮው መስመርና የድሮው ማብሪያ ከእንግዲህ የሚሸከሙት ይህንን ትንሽ ጅረት ብቻ ነው፤ የአምፖሉ 10 አምፔር ከባትሪው ተነስቶ በሪሌው በኩል በአጭርና በወፍራም ገመድ ይሄዳል። የማብሪያው ዕድሜም በዚያው ይረዝማል። የሪሌው እግሮች ቁጥር በጀርመኑ ዲን 72552 መለያ መሠረት የተጻፈ ነው፦ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ አምፖል የሚወጣው፣ 85 እና 86 የጥምጥሙ ሁለት ጫፎች ናቸው። አምስተኛ እግር ካለው ቁጥሩን በጥንቃቄ ያንብቡ። ሁለቱም 87 ከሆኑ ሁለት መውጫ አለው፤ ለግራና ለቀኝ ይመቻል። 87ኤ የሚል ከሆነ ግን ሪሌው ሳይታዘዝ የሚበራው እሱ ነው፤ አምፖል እዚያ ላይ ከተያያዘ መብራቱ ማብሪያው ሲጠፋ ይበራል፣ ሲበራ ይጠፋል። ባዶውን ይተዉት።

ከመጀመርዎ በፊት መኪናው በየትኛው በኩል እንደሚያበራ ይወቁ። የግራውንም የቀኙንም ሶኬት ከአምፖሉ ነቅለው መብራቱን በአጭሩ ያብሩ፤ የመለኪያውን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው በቀዩ የአንዱን ሶኬት ሦስቱንም ብረቶች ይንኩ። አንዱ ብቻ 12 ቮልት አሳይቶ፣ ወደ ረጅም ሲቀይሩ ቮልቱ ወደ ሌላው ብረት ከሄደ፣ የተለመደው ዓይነት ነው፤ ሦስተኛው ኔጌቲቭ ነው። አንዱ ብረት በረጅምም በአጭርም 12 ቮልት እያሳየ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም ካላሳዩ ግን ፖዘቲቩ የጋራ ነው፤ ማብሪያው የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ኔጌቲቩን ነው ማለት ነው። ብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች እንዲህ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በተለመደው ሥዕል ሠርቶ «ሪሌው አልሠራ አለ» ወይም «ሁለቱም አብረው በሩ» ይላል።

በተለመደው ዓይነት አሠራሩ እንዲህ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ሁለት ሪሌ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ። የድሮውን ገመድ አይቁረጡ። ለኤች 4 አምፖል የሚሆን ወንድ መሰኪያ ይፈልጉና ከድሮዎቹ ሶኬቶች በአንዱ ውስጥ ይሰኩት፤ አንድ ቀን ወደ ነበረበት መመለስ ቢያስፈልግ ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻ ይሆናል። ከዚያ መሰኪያ የአጭሩ መስመር ወደ አንደኛው ሪሌ 86፣ የረጅሙ ወደ ሁለተኛው ሪሌ 86 ይግባ፤ የሁለቱም 85 ኔጌቲቭ ይያዝ። የ30 እግሮቹ በፊውዝ በኩል ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሄዳሉ። ከ87 የሚወጡት ገመዶች ወደ ግራና ቀኝ አምፖሎች አዲስ ሶኬቶች ይዘረጋሉ። የማይፈለገውን ሁለተኛውን የድሮ ሶኬት በጥሩ ሁኔታ ሸፍነው ያስሩት።

መኪናው በኔጌቲቭ የሚያበራ ከሆነ የሚለወጠው የጥምጥሙ አያያዝ ብቻ ነው። የጋራው ፖዘቲቭ ወደ ሁለቱም ሪሌዎች 86 ይገባል፤ የአጭሩ ብረት ወደ አንዱ 85፣ የረጅሙ ወደ ሌላው 85። ሪሌው ውስጥ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለ ፖዘቲቩ የግድ በ86 በኩል መግባት አለበት፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከቱ። አምፖሎቹ ራሳቸው ከ87 ፖዘቲቭ አግኝተው በጋራው ብረት ኔጌቲቭ ይይዛሉ፤ ከእንግዲህ እንደማንኛውም መኪና ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ያለው ሰማያዊው የረጅም መብራት ምልክት አንዳንድ ጊዜ መንገዱን በአምፖሉ ፊላመንት በኩል ስለሚያገኝ፣ ከሥራው በኋላ ሳይበራ ሊቀር ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ሲጨርሱ ይፈትሹት፤ ምልክቱ የማይሠራበት ሾፌር ረጅሙን ሳያውቀው አብርቶ ይነዳል።

ስለ ገመዱ፦ ከባትሪ እስከ ሪሌ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከሪሌ እስከ እያንዳንዱ አምፖል 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በቂ ነው። 4 ካሬው በ1.5 ሜትር ርዝመትና በ10 አምፔር የሚያጠፋው 0.07 ቮልት እንኳ አይሞላም። ለጥምጥሙ ቀጭኑ ገመድ፣ 0.75 ወይም 1 ካሬ፣ ይበቃል። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ገመድ ይሁን፤ የቤት መስመር ደረቅ ሽቦ በንዝረት ይሰበራል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም በገበያ አለና ጫፉን ፍቀው ይመልከቱ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት።

ፊውዙ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ስለዚህ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፣ ከራሱ ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ጥበቃ የለውም፤ ተልጦ ቦዲ ከነካ ባትሪው ባለው ኃይል ሁሉ ያነደዋል። ለአጭሩና ለረጅሙ የተለያየ መስመርና የተለያየ ፊውዝ እንዲያደርጉ እመክራለሁ፤ ለእያንዳንዱ 15 አምፔር። ለሁለቱም አንድ ትልቅ ፊውዝ የሚያደርጉ አሉ፤ ሥራው ይቀላል፣ ነገር ግን በሌሊት ኩርባ ላይ ያ ፊውዝ ቢቃጠል መንገዱ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ሁለት ከሆኑ ግን አጭሩ ቢጠፋ ረጅሙን ማብራት ይችላሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የአምፔር መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ መስመሩን ከባትሪው ሳይሆን ከዲናሞው መውጫ ይውሰዱ፤ ከባትሪው ከተወሰደ የመብራቱ ጅረት በመለኪያው አልፎ ባትሪው እየተሞላ ያለ ያስመስላል። ያን ጊዜ ፊውዙም እዚያው ዲናሞው አጠገብ ይሁን።

ኔጌቲቩን ሰው ይንቀዋል። ጅረቱ የሄደውን ያህል ይመለሳልና ገመዱም እኩል ይወፍር፤ ከእያንዳንዱ አምፖል 2.5 ካሬ ወደ አንድ ነጥብ ይምጣ፣ ከዚያም በ4 ካሬ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወይም ቀለሙ ተፍቆ ወደ ነጣ ንጹሕ የቦዲ ብረት ይሂድ። ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ዛሬ ቢሠራ ከጥቂት ዝናብ በኋላ ይከዳል።

ማያያዣዎቹን በትክክለኛው መጨመቂያ ፒንሳ ይጨምቋቸው፤ በተራ ፒንሳ የተደፈጠጠ ተርሚናል ጎትተው ሲሞክሩት ይወጣል። በሊድ መበየድ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ሊዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ገመዱ ይደርቅና በንዝረት እዚያው ይሰበራል። ሪሌዎቹን ለመብራቶቹ ቅርብ፣ ከጭስ ማውጫው ሩቅ፣ እግራቸው ወደ ታች ሆኖ ያስሯቸው፤ ውኃ እንዳይቋጥሩ። አዲሶቹ ሶኬቶች የሴራሚክ ቢሆኑ ይመረጣል። ገመዱ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ጎማ ያልብሱት።

ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም ስለ ኤል ኢ ዲ አምፖል መጠየቅዎ አይቀርም። ኤች 4 በአጭሩ ፊላመንት ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለው፤ ብርሃኑን ከላይ በኩል የሚቆርጠውና የሌላውን ዓይን የሚያድነው እሱ ነው። አንጸባራቂውም የተቀረጸው ለዚያ ፊላመንት ቦታና ቅርጽ ነው። የኤል ኢ ዲው ቺፕ ቅርጹም ቦታውም ልክ እንደ ፊላመንቱ ስለማይሆን ብርሃኑ ይበተናል፤ ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ይደምቃል፣ ርቀቱ ግን አይጨምርም። ሪሌ ያገኘ ጥሩ ሃሎጂን እመርጣለሁ። ዋጋ የሚያስከፍለው ነገር የአምፖሉ ዕድሜ ነው፤ ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ቶሎ ይቃጠላል፣ ቮልቱ በ5 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም የተሠራበትን ቮልት ማግኘቱ ነውና ትርፍ አምፖል መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ትርፍ ሪሌም ይጨምሩበት።

ሥራው ሲያልቅ የመብራቱን አቅጣጫ ያስተካክሉ፤ ብርሃኑ ስለጨመረ በፊት የማይታወቅ የነበረ መጣመም አሁን የሰው ዓይን ይወጋል። ጎማው በትክክል ተነፍቶ፣ መኪናው ዘወትር የሚይዘውን ጭነት ይዞ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ ይቁም። የአምፖሉን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከዚያ ምልክት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ይህ 1 በመቶ ዝቅታ ነው፣ በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር። ለመኪናዎ መብራቱ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ይከተሉ።

ከዚያ ያንኑ ልኬት እንደ መጀመሪያው ይድገሙት፤ ሞተር በርቶ፣ አምፖል ተሰክቶ፣ መሄጃውም መመለሻውም። ድምሩ ከ0.3 ቮልት ካለፈ አንዱ ማያያዣ በደንብ አልተጨመቀም፤ ከባትሪው ጀምረው ነጥብ በነጥብ ሲለኩ ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ እሱ ነው። ድምሩ ከ0.3 በታች ሆኖ መንገዱ አሁንም ጨለማ ከሆነብዎ ግን ገመዱን ይተዉትና ሁለቱን የመብራት ቤቶች በአዲስ ይቀይሩ።